የወልደማርያም ቤት አለ?

ማልቀስ ያስተማረኝ ሰው የለም። ራሴው ተማርኩት፤ እሱንም ዘግይቼ።

አባቴ ወልደማርያም ያረፈ ጊዜ እኔ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ነበርኩ። መርዶውን በስልክ ሰማሁ። ሚኒባሱ ጣርማ በርን አልፎ ቁልቁል ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወርድ ሙቀቱ እየመጣ ተሳፋሪው ሁሉ ሹራቡን ያወልቃል፤ እኔ በጃኬቴ ላይ ነጠላ ደርቤ እንቀጠቀጥ ነበር። ግን አላለቀስኩም። ድንኳኑ ጋ ስደርስ እናቴ ደመቀች ደረቷን እየመታች «መጣችልህ ልጅህ! ተነስና ተቀበላት እንጂ!» ብላ ስትጮህ ሴቶቹ በሙሉ ሊያለቅሱልኝ ወደኔ ዞሩ። ዐይኔ ደረቅ ነበር። ዐይኔን እያዩ የነሱም እንባ ቆመ።

ከዚያ ወዲህ በሰፈሩ የሚባለውን ሰምቻለሁ። «የወልደማርያም ልጅ ተማረችና እንባዋ ነጠፈ» ይላሉ። ብቸኛ ልጁ ነኝ። ለአባቷ ማልቀስ ያቃታት ብቸኛ ልጅ ሆኜ ከቤት ስወጣ መሬት መሬት እያየሁ ነበር የምሄደው። ያኔ የሚያሳፍረኝ ነገር ሁሉ ያለቀ መስሎኝ ነበር። የኋላሸት እንዳለ ረስቼው ነው።

የኋላሸት የውሃ ሞተር ጠጋኝ ነው። በሮቢ ወንዝ ዳር ሽንኩርት የሚያለማ ሰው ሁሉ ሞተሩ እምቢ ሲለው የሚደውለው ለሱ ነው። እኔን ያገናኘኝም የአባቴ ሞተር ነው። አምና ለሴሚስተር እረፍት መጥቼ ለአባቴ ምሳ ይዤ ማሳው ስወርድ፣ የኋላሸት በሆዱ ተኝቶ ከሞተሩ ጋር ይታገላል። ቀና ብሎ ሳያየኝ «ነይ፣ ገመዱን ሳቢው» አለኝ። ሳብኩት፤ አልተነሳም። ደግሜ ሳብኩት፤ ሳል ብጤ አሰማና ዝም አለ።

«ለሱ ስጪው እንጂ ልጄ፣ መዳፍሽን ልትልጪው ነው» አለ አባቴ።

«ይተዉዋት ጋሼ ወልደማርያም» አለ የኋላሸት፤ «ሞተሩ ሊሰማት ነው፤ ትንሽ ኩራት ይዞት ነው።»

እጁን አልዘረጋም። ገመዱን አልቀማኝም። ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ። በመጨረሻ ሞተሩ ሲያጓራና ውሃው በቱቦው ሲፈነዳ፣ ግሪስ በነካው ፊቱ ሳቀ፤ እኔም መዳፌ እየተቃጠለ ሳቅኩ። አባቴ ሁለታችንንም አየና ዞር ብሎ ሽንኩርቱን መመልከት ጀመረ። ያን ቀን ልቤን ይዤ ወደ ቤት አልተመለስኩም።

እናቴ ስታውቅ ቤቱ በጩኸት ተናጋ። «ግሪስ ለጠገበ እጅ ነው ያሳደግኩሽ? አንቺ ዲግሪ ልትይዢ፣ እሱ አሥረኛ ክፍል ላይ የቀረ! ከዚህ በኋላ ስሙን እዚህ ቤት እንዳልሰማ።» እኛም ስሙን ወደ ቴሌግራም አዛወርነው። እሱ ከሥራ ሲገባ ይጽፋል፤ እኔ ዶርም አልጋዬ ላይ ብርድ ልብስ ተከናንቤ አነባለሁ። የአሊዩ አምባዋ ጓደኛዬ ሪሀና ከላይኛው አልጋ አንገቷን አስግጋ «ዛሬስ የማን ሞተር ታመመ?» እያለች ታሾፍብኛለች።

ማርች ስምንትን በግቢያችን ስናከብር የሴት ተማሪዎች ክበብ አንድ ጽሑፍ እንዳነብ መረጠኝ። የኋላሸት ያን ብርድ ለመቻል የሰው ጃኬት ተውሶ፣ ካርቶን ሙሉ ማንጎ ይዞ መጣና ከመጨረሻው ወንበር ተቀመጠ። እንዲህ ብዬ አነበብኩ፦

«ሴት ልጅ የሰው ቤት ናት ይሉናል። ተወልዳ የአባቷ ቤት፣ ተድራ የባሏ ቤት፣ አርጅታ የልጇ ቤት። ታዲያ የራሷ ቤት የቱ ነው? እኛ እኩልነት ስንል ከማንም ቤት ሰው እናስወጣ አላልንም። በተወለድንበት ቤት እኛም ሰው ሆነን እንቆጠር ነው ያልነው።»

አዳራሹ በጭብጨባ ተሞላ። ሪሀና አፏ ውስጥ ጣቷን ከትታ አፏጨች። የኋላሸት ግን አላጨበጨበም፤ ካርቶኑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ያየኝ ነበር። ስንወጣ ማንጎውን ለሪሀና ሰጣትና ለኔ «ያን ያነበብሽውን ላኪልኝ» አለኝ።

«ምን ያደርግልሃል?»

«ሞተር ሲበላሽ ፈትቼ ነው የማውቀው። እሱንም ፈትቼ ማየት እፈልጋለሁ።»

«ወላሂ ይሄ ልጅ ማንጎ ብቻ አይደለም ያመጣው» አለች ሪሀና። እኔም እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም። አባቴ ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ወባ ነው ሲባል፣ ይሻለዋል ሲባል፣ አረፈ።

አሁን የእድራችንን ነገር ልንገራችሁ፤ ያዋረደኝ እሱ ነው። በኛ ሰፈር ሰው ሲሞት ጡሩንባ ይነፋና ከየቤቱ አንድ ሰው መቃብር ለመቆፈር ይወጣል። ዳኛው ጋሼ ንጉሤ ከጉድጓዱ አፋፍ ቆመው ቤቶቹን በቃላቸው ይጠራሉ። የተጠራው ቤት «አለ!» ይላል። ያ ድምፅ ያልተሰማበት ቤት ባለቤቱ በገበያ መሃል ቀና ብሎ አይሄድም። አባቴ ታሞ እንኳ አይቀርም ነበር። እጀታው በመዳፉ የለሰለሰ ዶማ ነበረው፤ ለቀብር ካልሆነ ለሌላ ሥራ አያወጣውም። «ሰው ስንቱን ይቀብራል፣ እሱን ደግሞ ሰው ይቀብረዋል፤ ያ ነው ጉርብትና» ይል ነበር።

የሱ ድንኳን ሲፈርስ ጋሼ ንጉሤ ሊሰናበቱን ገቡ። «እንግዲህ ደመቀች፣ ቤቱ በወልደማርያም ስም ይቀጥላል። ለቁፋሮው ግን ሰው ፈልጉ። ሰው የሌለው ቤት ሆናችሁ እንዳትቀሩ» አሏት።

እኔ እዚያው፣ ከእናቴ አጠገብ ተቀምጬ ነበር።

ሪሀና ለቅሶ ልትደርሰኝ መጥታ ከኔ ጋር እየሰነበተች ስለነበር ይህን ነገርኳት። «እኔ እወጣለሁ» አልኳት።

«የት?»

«ቁፋሮ።»

«ያ ረቢ! አንቺኮ ግቢ ውስጥ አትክልት ትከሉ ሲባል ወገቤን ያልሽ ልጅ ነሽ።» ፊቴን ስታይ ግን ሳቋን ተወችው። «የምርሽን ነው?»

የምሬን ነበር። ዕድሉም ወዲያው መጣ። የአባቴ አርባ ሳይደርስ ጎረቤታችን እትዬ ጌጤ አረፉ። ማለዳ ጡሩንባው ሲነፋ ዶማውን ከበሩ ጀርባ አወጣሁና ለየኋላሸት ጻፍኩለት፦ «ዛሬ የአባቴን ዶማ ይዤ እወጣለሁ። ና አልልህም። እንድታውቀው ብዬ ነው።» ማንበቡን አየሁ። መልስ አልጻፈም።

እናቴ በሩ ላይ እጀታውን በሁለት እጇ ያዘች።

«በአባትሽ አጥንት ይዤሻለሁ! በቁሜ አታዋርጂኝ!»

«እማዬ፣ ውርደቱ ምኑ ላይ ነው?»

«ወንድ አጥተን ሴት ላክን እንዲባል ነው? ሞቼ ባልሰማሁ!»

ስንጓተት ቆየን። በመጨረሻ ለቀቀችኝና ደፉ ላይ ቁጭ አለች። ሪሀና አጠገቧ ተቀምጣ ትከሻዋን አቀፈቻት። እኔ ወጣሁ።

ቤተ ክርስቲያኑ ስደርስ ወንዶቹ ጉድጓዱን ከበዋል። ፀሐይዋ ገና ሳትጠነክር መሬቱ መፋጀት ጀምሯል። ጉድጓዱ ውስጥ ያሉት አይታዩኝም፤ የሚታየኝ የሚወረወረው አፈር ብቻ ነው። ከኋላ ቆምኩ። አንድ አዛውንት ዞር ብለው አዩኝና በደግነት «ልጄ፣ ሴቶቹ በዚያ በኩል ናቸው» አሉኝ። ዶማዬን ከትከሻዬ አላወረድኩም። ጋሼ ንጉሤ መጥራት ጀመሩ።

«የደረጄ ቤት!»

«አለ!»

«የሞገስ ቤት!»

«አለ!»

ከሞገስ ቀጥሎ እኛ ነን። ከልጅነቴ ጀምሮ ከሴቶቹ መሃል ሆኜ አባቴ ሲመልስ ሰምቼዋለሁ። አፌ ደረቀ።

«የወልደማርያም ቤት!»

አፌን ከፈትኩ። አየር ገባ እንጂ ድምፅ አልወጣም።

«አለ!»

ድምፁ የመጣው ከመሬቱ ውስጥ ነው። ወንዶቹ ገለል ሲሉ አየሁት። የኋላሸት እስከ ደረቱ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ፣ አፈሩ በላቡ ላይ ተለጥፎ፣ ዶማ ይዞ ቆሟል። እሱ የኛ እድር ሰው አይደለም፤ ቤቱ ከተማው ዳር፣ እድሩም ሌላ ነው። ሁሉም ያውቀዋል፤ በማን ስም እንደመለሰም ሁሉም ሰምቷል። ከዚያ ቆፋሪዎቹ በሳቅ ፈነዱ።

«እሰይ! ወልደማርያም በሞቱ አማች አገኘ!»

«ሌላው ሰው ሽማግሌ ይልካል፣ ይሄ ራሱን ከነዶማው ላከ!»

«እትዬ ጌጤ፣ ነፍስዎን ይማር፤ ሞተው ሰው ዳሩ!»

ሳቃቸው ክፋት አልነበረውም። ክፉ ቢሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር። ከሳቁ መሃል ዐይኖቻችን ተገናኙ። ያን በሞተር ገመድ ማዶ ያየኝን ዐይን ፈለግኩ፤ እሱ ግን ቀድሞኝ አቀረቀረ። አንዱ ዞሮ እኔን አየ፤ ከዚያ ሌላው። ዶማውን አወረድኩና ነጠላዬ ውስጥ ሸጎጥኩት። የአባቴን ዶማ ደበቅኩት። የሰረቀ ሰው መስዬ በአጥሩ ጥግ ጥግ ወጣሁ፤ ከኋላዬ የሚቀጥለው ቤት ሲጠራና ሲመልስ ይሰማኛል።

ከሰዓት በኋላ ወንዙ ዳር አገኘሁት። የሰው ሞተር ፈትቶ ዘርግቶታል።

«ማን አዘዘህ?» አልኩት።

«ማንም።»

«መልእክቴን አንብበህ የለ?»

«አንብቤ ነው የመጣሁት። ሰገነት፣ እነዚያን ሰዎች አታውቂያቸውም። ከጉድጓዱ ጎትተው ያወጡሽ ነበር። በአባትሽ ዶማ ያላግጡ ነበር። አሁን የሳቁት በኔ ነው፤ እኔን ሳቅ ምን ይጎዳኛል?»

«ባንተ አይደለም የሳቁት! በዚያ ቤት ሰው እንደሌለ ነው ያረጋገጥክላቸው። ደግሞስ እኔ ምን ሆንኩ? ሽማግሌ ሳይላክ፣ እሺ ሳልል፣ መቃብር ውስጥ ታጨሁኮ የኋላሸት! አንተን መውደዴን ማን ጠየቀኝ?»

«አትወጂኝም?»

«እሱን አይደለም ያልኩህ!» እንባ ያልወጣው ዐይኔ ተቃጠለ። «ያኔ ገመዱን አልቀማኸኝም ነበር። ሳልችል ስቀር ቁጭ ብለህ ጠበቅከኝ። በዚያ ነው የወደድኩህ። ዛሬ ምን ነካህ? ለመሆኑ ከመመለስህ በፊት ቆሜ አይተኸኝ ነበር?»

መፍቻውን እያገላበጠ «አላየሁሽም» አለ።

«እንግዲህ አትደውልልኝ።»

ትቼው ስመለስ እግሬ የሽንኩርት መደብ ይረግጥ ነበር፤ አላየሁም። ንዴቴ ትልቅ ነበር፤ ትልቅ እንዲሆን የፈለግኩትም እኔ ነኝ። ከስሩ ሌላ ነገር ነበረና። እሱ «አለ!» ሲል፣ ከሳቁ በፊት፣ ከሀፍረቱም በፊት፣ መጀመሪያ የተሰማኝ እፎይታ ነው። ተመስገን፣ መመለስ ቀረልኝ ብያለሁ በልቤ።

ደብረ ብርሃን ዶርማችን ውስጥ ስለ ፌሚኒዝም ስናወራ ማንነታቸው የማይጠፋን ሰዎች ነበሩን፤ የሚማታ ባል፣ የሚከለክል አባት፣ የሚያፌዝ መምህር። ሁሉም ፊት ለፊት የቆሙ ናቸው፤ ስንቃወማቸው ደረታችን ይነፋል። የሚወደኝ ሰው ቦታዬን ሲወስድብኝ፣ እኔም ስለወሰደልኝ በሆዴ ሳመሰግነው ምን እንደምሆን ግን አንድ ቀን አልተነጋገርንም። የዚያ አዳራሽ ጭብጨባ ጆሮዬ ላይ መጣብኝና በምሽቱ ጆሮዬን በእጄ ያዝኩ። ለሪሀና እንኳ አልነገርኳትም።

እናቴ ከለቅሶው ስትመለስ ፊቷ ተለውጧል። አባቴ ከሞተ ወዲህ ያላየሁትን ፈገግታ ልትደብቅ ትታገላለች።

«ያ ልጅ ሰው ሆኖ ተገኘ» አለች። «ጋሼ ንጉሤ በእሁዱ የእድሩ ስብሰባ ላይ ነገሩን እናበጀዋለን ብለዋል። ራሳቸው ሽማግሌ ይሆናሉ። የወልደማርያም ቤት ሰው ብለው በደንብ ያስገቡታል።»

«ግሪስ ለጠገበ እጅ ነው ያሳደግሽኝ እማዬ?»

ደነገጠች። «አሁን እሱ ምን ያስነሳዋል?»

«እወደዋለሁ ስልሽ ስሙን አልሰማም አልሽ። ሰው ሲቸግረን ጊዜ ወደድሽው። ለኔ ነው የምትሰጪኝ ወይስ ለቁፋሮው?»

እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ እንደለበሰች አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «እኔኮ ልጄ» አለች ዝግ ብላ፤ «ከአባትሽ ቤት ድምፅ ሲጠፋ መስማት ነው የፈራሁት።» እጇን ያዝኩ። እኔም የፈራሁት እሱኑ ነበር፤ ግን ድምፁ ከኔ ሊወጣ ይችላል ብላ አንዴም አላሰበችም። ልወቅሳት አልቻልኩም። ሲጠራ እኔስ የት ነበርኩ?

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እድሩ ከቤተ ክርስቲያኑ ግራር ጥላ ስር ተሰበሰበ። ወንዶቹ ድንጋይ ድንጋዩ ላይ፣ እናቴና እኔ ከሌሎች ባሎቻቸው ከሞቱባቸው ሴቶች ጋር ዳር ላይ ተቀመጥን። ሪሀና ከአጥሩ ውጭ ሆና ታየናለች። ነገሩን አውቀዋለሁ፤ የኋላሸት ይመጣል፣ ይጠየቃል፣ «አዎ» ይላል፣ እልልታ ይቀልጣል። እወደዋለሁ፤ እጠላዋለሁም። «አዎ» ባለ ጊዜ ተነስቼ እንደምሄድ ወስኛለሁ። ወደ የት እንደሆነ ግን አላውቅም።

ከመንገዱ ጎንበስ ያለ ሰው ሲመጣ አየን። እኔ ሞተር የተሸከመ መስሎኝ ነበር፤ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የሚሸከመው። ሲቀርብ ግን ድንጋይ ነው። ማጅራቱ ላይ አድርጎ በሁለት እጁ ይዞታል፤ የወንዝ ድንጋይ፣ ገና ጭቃው ያልደረቀ። በኛ አገር የበደለ ሰው እንደዚህ ተሸክሞ የበደለው ሰው እግር ላይ ይወድቃል፤ ተበዳዩ ይቅር ብሎ እስኪያወርድለት ድረስ አይቀመጥም።

ወንዶቹ ተንሾካሾኩ። ጋሼ ንጉሤ ብድግ አሉ። «አንተ ልጅ፣ ምን አጠፋህ? ደግ አይደል እንዴ የሠራኸው!»

የኋላሸት አልፏቸው መጣ። እናቴ ሊወድቅላት መስሏት እግሯን ሰብሰብ አደረገች። እሷንም አለፋት። ፊቴ ቆመና ተንበረከከ።

«ለልጅቱ?» አለ አንዱ። «ለሴት ልጅ ድንጋይ?»

«ባልነት እየተለማመደ ነው!» አለ ሌላው። ሳቁ በየድንጋዩ ዞረ።

የኋላሸት ከድንጋዩ ስር ሆኖ ተናገረ፤ ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ እየታገለ። «የወልደማርያም ቤት ሲባል አለ ያልኩ እኔ ነኝ። ዋሽቻለሁ። እኔ የዚያ ቤት ሰው አይደለሁም። የቤቱ ሰው ዶማ ይዛ ከኋላችሁ ቆማ ነበር።» ዐይኑን አነሳ። «አላየሁሽም ብዬሻለሁ። በሰዎቹ እግር መሃል አይቼሽ ነበር ሰገነት። አይቼሽ ነው የመለስኩት። ከጎንሽ ብቆም አብረው ይስቁብኛል ብዬ ፈራሁ። ካንቺ ጎን ከመቆም ባንቺ ቦታ መቆም ቀለለኝ።»

ሳቁ ቆመ።

«የበደልከው እድሩን ነው» አሉ ጋሼ ንጉሤ፤ ድምፃቸው ግን ላልቷል። «ወዲህ ዙርና እድሩን ይቅርታ ጠይቅ።»

«እጠይቃለሁ ጋሼ። የምትሉኝንም እክሳለሁ። እሷ ታውርድልኝና።»

ሁሉም እኔን አየ። ከላቡ ጋር የወንዙ ጭቃ በአንገቱ ይወርድ ነበር። እጄን ዘርግቼ ድንጋዩን ያዝኩ፤ ሳነሳው ክብደቱ ወደፊት ጎተተኝና ግንባሬ ከግንባሩ ሊገናኝ ደረሰ። ያን ጊዜ እሱ ብቻ እንዲሰማው አልኩት፦

«እኔም ቀሎኝ ነበር። ስትመልስልኝ ቀሎኝ ነበር።»

አየኝ። ከሞተሩ ቀን ወዲህ እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም። የሁለታችንም ፊት ቀልቷል፤ ሁለታችንም ያፈርነው በአንድ ነገር ነው። የሚደበቅ ነገር ስላልቀረን ሀፍረቱ እንኳ የጋራ ቤት መሰለኝ።

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አልኩ ጮክ ብዬ። ድንጋዩን መሬት ላይ አኖርኩት።

እሱ ተነስቶ ለእድሩ ጎንበስ አለና ከመጨረሻው፣ ከአጥሩ አጠገብ ሄዶ ተቀመጠ። ልክ በዚያ አዳራሽ እንደተቀመጠው።

ወንዶቹ መከራከር ጀመሩ። «ሴት ቆፍራ አታውቅም!» «ታዲያ ቤቱ ይሰረዝ?» «እናቲቱ ሰው ትቅጠር!» «እኔ ልጄን ከሷ ጎን አልልክም!» «አንተኮ ራስህ ባለፈው ቀርተሃል፣ ምን አፍ አለህ!» ጋሼ ንጉሤ ከዘራቸውን እየወዘወዙ ዝም አሰኟቸው። ወደ መቃብሩ በኩል፣ የአባቴ አፈር ገና ወዳልረጋበት፣ ዞረው አዩ። ከአባቴ ጋር አብረው ያደጉ ናቸው።

«እኔ የማውቀው መጥራት ነው» አሉ በመጨረሻ። «እጠራለሁ። የሚመልስ ይመልስ።»

ሰው ሁሉ ወደ የኋላሸት ዞረ። እሱ መዳፎቹን ጉልበቶቹ ላይ አድርጎ መሬቱን ያያል።

«የወልደማርያም ቤት!»

ልክ እንደዚያን ጠዋት አፌ ደረቀ። የእናቴ እጅ ፈልጎ እጄን ያዘ፤ ልታስቀረኝ ይሁን ልታስነሳኝ አላወቅኩም። ተነሳሁ።

«አለ» አልኩ።

«አልተሰማኝም።»

«አለ! የወልደማርያም ቤት አለ!»

ድምፄ የኔ አልነበረም። ያን ቃል እንደዚያ አሳጥሮ፣ መጨረሻውን እንደዚያ መትቶ የሚለው አንድ ሰው ብቻ ነበር። እሱ ከእንግዲህ እንደማይል የገባኝ ከራሴ አፍ ስሰማው ነው። አባቴ የሞተው ያኔ ነው ለኔ። «አባባ!» አልኩ፤ በስብሰባ መሃል፣ ለቅሶ ባልተቀመጡበት ቀን፣ በሰው ሁሉ ፊት። ያ ሁሉ ጊዜ የነጠፈው እንባ አንገቴን አራሰው። ሴቶቹ ተነስተው ከበቡኝ። «እሰይ፣ አልቅሺ ልጄ፣ አልቅሺለት» አለች እናቴ፤ እሷም ታለቅስ ነበር።

በእንባዬ ውስጥ የኋላሸትን ፈለግኩት። ከአጥሩ ስር እንደተቀመጠ ነው። ሊነሳ ፈልጓል፤ እጆቹ ጉልበቶቹን ጨምቀው ይዘዋል። ግን አልተነሳም። ሊያባብለኝ አልመጣም፤ በኔ ፋንታም አላለቀሰም። ገመዱን እስክስበው እንደጠበቀኝ ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ።

እኔም እስኪበቃኝ አለቀስኩ።